ቃሉን የዋጠ ጎራዴ

ሰኞ፣ የካ. 3፤ ማታ 2፡30

ናሆም ዛሬም ቀረ። ራሴን አሞኛል የሚል መልእክት ላከ። ባለፈው ሳምንት ሆዴን ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ድንጋይ ቢበላ የሚፈጭ ሆድ ያለው! ወንድሜ ባይሆን ኖሮ አምነው ነበር።

የማሠለጥናቸው ልጆች ልምምድ እንደወትሮው። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ብርድ፣ አንዱ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም። መጀመሪያ የቻይናው ውሹ ጎራዴ ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ሄልሜት አጥልቀን ስፖንጅ በለበሰ ዱላ ጥንድ ጥንድ። ሁሉም ዝም። ደስ የሚል ዝምታ።

ዓርብ ያየሁትን ግን አልነገርኩሽም፣ ማስታወሻዬ። ናሆም ግጥሚያ መሐል ጀርባውን ሰጠ። ጀርባውን! ሠርግ ቤት እንዳለ ጨፋሪ ሽክርክር አለ። ወገቡን በዱላው አቀመስኩት። ሳቀ። ሌላም አለ። ሊመታ ሲል አፉን ይከፍታል። ሊናገር እንዳለ ሰው አየር ይስባል፣ ከዚያ እኔን ያይና ይዘጋዋል። እኔ ዘንድ ከምት በፊት ድምፅ ያሰማ ልጅ አዳራሹን በሩጫ ይዞራል፤ ይህን ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል። እማዬ ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ፣ እጁን የሠራሁት እኔ። አሁን ሥራዬ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው አለ።

ማን እንደሆነ አገኘዋለሁ። ጠርጣራ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ረቡዕ፣ የካ. 5፤ መ/ቤት፣ ከምሳ በኋላ

ተከተልኩት። አዎ፣ ወንድሜን እንደ ሌባ ተከተልኩት።

አለቃዬን ባንክ ደርሼ ልምጣ አልኩ። ናሆም ባምቢስ ጋ ከታክሲ ወረደ፤ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና ከኋላ። ካዛንቺስ ውስጥ ውስጡን ሄዶ አንድ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ገባ። በሩ ላይ ማስታወቂያ፦ «የሰባት ደጅ ጎራዴ፣ ጥንታዊ የአባቶች ጥበብ»።

ጥንታዊ! በዚህ ከተማ ትናንት የተቀባ ግድግዳ ሁሉ ጥንታዊ ነው።

ቆርቆሮው ሚስማር የበሳው ቀዳዳ አለው። በዚያ አየሁ። ናሆም ከአንዲት ቀጭን ልጅ ጋር ፊት ለፊት ቆሟል፣ ሁለቱም ጎራዴ ይዘዋል፣ ሄልሜት የለም። የሚያስተምረው ስድሳ የዘለለ ሰውዬ፤ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ቀለሙ ግንባሩ ላይ ወርዷል። ሱሪው የተተኮሰ፣ ጫማው ሹል። እንዲህ ለብሶ ጎራዴ የሚያስተምር ሰው ከደንበኛ ኪስ እንጂ ከጠላት ጋር ተዋግቶ አያውቅም።

አሁን ስሚ። ናሆም ከመምታቱ በፊት ይፎክራል። «ዘራፍ፣ ዋናው!» ይልና ወደ ራስ ይሰነዝራል። «ዘራፍ፣ ጓሮ!» ይልና ዞሮ ከኋላ ይመጣል። ሰባቱ ደጆች የሰውነት ሰባት ቦታዎች መሆናቸው ነው፤ ዋናው ደጅ ራስ፣ የጓሮ ደጅ ጀርባ። ደጁን ጠርቶ፣ አንኳኩቶ ይገባል። ልጅቷም ጠብቃ ትመክታለች። ለጠላቱ የት እንደሚመታው የሚነግር ተዋጊ የት አገር ነው ያለው?

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ። ሰውዬው ወንድሜን በማታለያ ነው የነጠቀኝ።

ሐሙስ፣ የካ. 6፤ ማታ

እንቅልፍ ስላልመጣልኝ ሳወዳድር ነበር። ላንቺም ልጻፈው።

የእነሱ ጎራዴ ክብ ይሄዳል፣ በሰማይ ዞሮ ይመጣል። የእኛ በአጭሩ መንገድ። የእነሱ ተዋጊ ይዞራል፤ እኛ ጀርባ የሰጠ ሞቷል እንላለን። ከሁሉ የገረመኝ ርቀቱ። ሰንዝረው እንኳ ጫፉ ከሰውየው አንድ ስንዝር ይርቃል፤ የሚመቱት ሰውን ሳይሆን ጎራዴን ነው። ብረት ለማንጫጨት የተፈጠረ ጥበብ። አባቶቻችን እንዲህ ተዋግተው ቢሆን ኖሮ ማናችንም አንወለድም ነበር።

ናሆም ሲገባ እዚያው ኩሽና ውስጥ ያዝኩት። መጀመሪያ ካደ። ቀዳዳውን ስነግረው ጆሮው ቀላ። «እቴቴ፣ ሰለልሽኝ? ማለቴ... ሲሪየስሊ?» አለ። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። ሰውየው ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፣ ጥበቡ ከአያት የወረደ ነው፣ ጃፓኖችም በጎራዴ ስፖርታቸው የሚመቱትን ቦታ ስም እየጠሩ ነው የሚመቱት አለኝ። እውነት ነው፣ በኬንዶ ይጠራሉ። ግን ከምቱ ጋር እኩል ነው የሚጠሩት፤ ቀድመው አይደለም! ይህን ስለው በቃ አንቺ ሁሌ ልክ ነሽ ብሎ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከበሩ ጀርባ ሆኖ የቀረውን ነገረኝ። የሚለማመዱት ለድራማ ነው። ስለሌለ አገር፣ ስለሌለ ንጉሥ የሚተርክ ተከታታይ። ቀረጻው ቅዳሜ፣ የካ. 15፤ ከቅበላ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ከልጅቷ ጋር (ቤዛ ትባላለች) የመጨረሻውን ፍልሚያ የሚያደርገው እሱ ነው። ጎራዴው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ ስለት የለውም አለ። ስለት የሌለው ባሌስትራ ራስ ቅል ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩትም። ፊት ስለሚታይ ሄልሜት አይደረግም።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ትስቂብኛለሽ ብዬ አለ። ስቄያለሁ እኮ።

ቅዳሜ፣ የካ. 8፤ 9 ሰዓት

ራሴ ሄድኩ። ስሜን ቀይሬ፣ ወይንሸት እባላለሁ፣ ልማር ነው የመጣሁት አልኩ። ሰውየው ትከሻዬን አየ፣ እግሬን አየ፣ ወንበር ጠረገልኝ። ማን እንደላከኝ አልጠየቀም። ናሆም ዛሬ የለም፤ ደህና ጊዜ መርጫለሁ።

የእንጨት ጎራዴ ሰጠኝና በይ ምቺኝ አለ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ! ቀጥ ብዬ ገባሁ። ጆሮው ጋ ስደርስ አቆምኩት። ሰውየው እጁን እንኳ አላነሳም። ቆሞ ያዳምጣል፤ አዎ፣ እያዳመጠ ነበር። ከዚያ በጣም በትሕትና «ልጄ፣ ቃሉን ዋጥሽው» አለኝ።

ሰበብ ነዋ! እንዲህማ ከሆነ ማንም ጌታ ነው። ተሸንፎ ደጁን አላንኳኳሽም ይላል።

ፊት ለፊት ጠየቅኩት፤ ይሄ የአባቶች ጥበብ የሚሉት እውነት ነው ወይ አልኩ። እየፎከረ ይዋሻል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት አለ። ዕድሜውን በመድረክ ነው የጨረሰው፤ በትያትር ስንት ጊዜ እንደሞተ አያስታውስም። ማስታወቂያውን የለጠፉት የቀረጻው ሰዎች ናቸው፤ ልጆቹም ያንን አምነዋል፣ እሱም ደስ ካላቸው ብሎ ዝም አለ። ላልነበረ አገር የነበረ ፍልሚያ ምን ያደርግለታል አለኝ። ደግሞ ዞሮ የእኔን ጎራዴ ጠየቀ፤ ያ ቅደም ተከተል ስትሠሩት ከማን ጋር ነው የምትዋጉት? ከአየር ጋር ነው አልኩ። አየሩስ ተመትቶ ያውቃል? አለ።

አልወደድኩትም። የሚዋሽ ሰው ሲዋሽ ይያዛል፤ የማይዋሸውን በምን ልያዘው?

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ለናሆም ሰላም በይልኝ፣ እህቱ ሂሩት መሆንሽን በአቋቋምሽ አውቄአለሁ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ደምሴ ብዬ፣ በአንቱታ እጽፋቸዋለሁ። ማመኔ ግን አይደለም።

ሰኞ፣ የካ. 10፤ ማታ 3 ሰዓት

ናሆም መጣ! ሳልጠራው፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ለዕርቅ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ኮስተር ብዬ ሄልሜት አድርግ አልኩት፤ ውስጤ ግን ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤት ሆኗል።

ከራሴ ጋር አጋጠምኩት። መጀመሪያ ያንን ሽክርክሩን ሞከረ። ሁለት ጊዜ ገረፍኩት። ማረፊያ አልሰጠሁትም፣ ጥግ አስያዝኩት፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ገፋሁት። ከዚያ የሆነ ነገር ተለወጠ። ከንፈሩ ተገጠመ። ግራ ትከሻው ትንሽ ዝቅ አለ። ዱላው ሳላየው ግንባሬ ላይ! ሄልሜቱ ጮኸ፣ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ያለ ድምፅ፣ ያለ ምልክት፣ በአጭሩ መንገድ። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ያ ነው። የጋሽ ደምሴ ቀለም ሲታጠብ ሥር ያለው የእኔ ነው። ልጁ አሁንም የእኔ ነው ማለት ነው። ሲጨንቀው የሚመጣው የእኔ እጅ

ቆይ።

ሲጨንቀው የሚመጣው የእኔ እጅ ነው።

ቤዛ ሄልሜት የላትም። ቤዛ ቆማ የምትጠብቀው ቃል ነው። ቃሉን ካልሰማች እጇን አታነሳም፤ እንደዚያ ነው የተማረችው። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ከእኔ ፊት እንደዚያ ነው የቆሙት፤ ያ ፉከራ ጉራ አልነበረም፣ የጓደኛ መጠበቂያ ነው። አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። በእነሱ ጥበብ ብቻ ያደገ ልጅ ቃሉን ቢረሳ ምቱ አንድ ስንዝር ርቆ ያልፋል። በእኔ ብቻ ያደገ ልጅ ፊት የሚቆም ሰው ሄልሜት አለው። ናሆም ያደገው በሁለቱም ነው። ሲደክመው ቃሉን ይውጣል፣ ስንዝሯንም ይረሳል። በባሌስትራ።

እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካ. 11

ማንም አላመነኝም።

ናሆም፦ ቅናት ነው አለ። ትናንት ያን ያህል የገፋሽኝ ለዚህ ኖሯል፣ ሆን ብለሽ አጥምደሽኝ ነው አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ጥርጣሬ የእኔው ነው፤ ከእኔ ነው የለመደው።

ጋሽ ደምሴ በስልክ፦ ወንድምሽ አንድም ቀን ቃል ውጦ አያውቅም። እርስዎ ጋ ደክሞት አያውቅማ አልኳቸው። ከዚያ ልጁን መመለስ እንደምትፈልጊ ይገባኛል አሉ፣ በዚያ የመድረክ ድምፃቸው። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ቤዛ፦ ከሥራ ስትወጣ ባምቢስ አካባቢ ጭማቂ ቤት አገኘኋት። ልብስ መሸጫ ነው የምትሠራው። ከቅርብ ሲያዩአት ገና ልጅ ናት፤ ቅንድቧ ላይ የቆየች ጠባሳ አለች፣ ከደረጃ ወድቃ ነው። ቅዳሜ ፊቱ እንዳትቆሚ ብዬ ለመንኳት። አቮካዶዋን በማንኪያ እያማሰለች ሰማችኝ። «ሂሩትዬ፣ ናሆም እኮ ነው። ናሆም አይመታኝም» አለች። እንዴት እንዳለችው ብትሰሚ! እስከ ዛሬ ለማንም እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

የሚያምን ሰው ሲያዩት ያስፈራል።

ሐሙስ፣ የካ. 13፤ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

ከመ/ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የመጨረሻው ልምምድ፣ በብረቱ። ናሆም ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ጋሽ ደምሴ ወንበር አስመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ለሙከራ ካሜራ ተክለዋል፤ ከጀርባው ቆምኩ።

አንደኛው ዙር አማረ። እውነቱን ልናገር፣ አማረ። ቃሉ ይመጣል፣ ብረቱ ይከተላል፣ ሌላኛው ብረት ይቀበለዋል። የጥሪና የመልስ ዓይነት ነው፤ የእኛ ልጆች ዝም ብለው ከሚፈነካከቱት ይልቅ ውጊያ ይመስላል። ሁለተኛውም ደህና። ከዚያ የካሜራው ልጅ ብርሃን እየሄደ ነው አለ፣ ጋሽ ደምሴ በሉ በሉ ቶሎ ቶሎ አሉ። ሦስተኛ። አራተኛ ያለ ዕረፍት። ናሆም በአፉ ይተነፍሳል። እኔ የማየው ጎራዴውን አልነበረም፤ ትከሻውን ነበር።

ጠጠሩ ላይ እግሩ ተንሸራተተ። ተነሣ። ቤዛ ቆማ ትጠብቃለች፣ ጎራዴዋ ዝቅ ብሏል፣ አገጯ ቀና። የናሆም ከንፈር ተገጠመ። ግራ ትከሻው ዝቅ አለ።

«ዘራፍ፣ ዋናው!»

የማን ድምፅ እንደሆነ መጀመሪያ አላወቅኩም። የእኔ ነበር። በሕይወቴ ፎክሬ የማላውቀው ሴትዮ፣ መ/ቤት ስብሰባ ላይ እንኳ እጄን ሳላወጣ የማልናገረው!

የቤዛ እጅ ብድግ አለ። ሳታስብ፣ ሳታይ፣ ቃሉን ስለሰማች ብቻ። ብረት ከብረት። ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። የናሆም ጎራዴ በእሷ ላይ ተንሸራቶ መያዣው ጋ ቆመ፤ ከቅንድቧ፣ ከዚያች ጠባሳ፣ ጣት አይሞላም።

መጀመሪያ ቤዛ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ጋሽ ደምሴ በዚያ በተተኮሰ ሱሪያቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ናሆም ጎራዴውን ጥሎ እጁን ያያል፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያገላብጠዋል። አላልኩም? አላልኩም እንዴ? ቃሉን አላልኩም? ይላል ደጋግሞ። ያለ መስሎታል።

ጋሽ ደምሴ ስወጣ ክንዴን ያዙ። ይቅርታ አላሉም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደሉም። ቅዳሜ ልጁ ይቁም አይቁም አንቺ ትወስኛለሽ፣ አይሆንም ካልሽ ቀረጻው ይቀራል አሉ። የቀለሙ ጥቁር ከላብ ጋር አንገታቸው ድረስ ወርዷል። ልጠርገው ቃጣኝ፤ ተውኩት።

አይሆንም ልል ነው። መቼም ይገባሻል።

ዓርብ፣ የካ. 14፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የጾም ቀን ቢሆንም ቅበላ ስለደረሰ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ጢም ብሏል። ለነገ ግማሽ ኪሎ ይዤ ገባሁ። ናሆም ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል፣ መብራት አላበራም። ቀኑን ሙሉ አልበላም።

አይሆንም ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ቤዛ ደውላለታለች። እሷ ቅዳሜ ትቆማለች፣ ከእሱ ጋር ካልሆነ ግን ከማንም ጋር አትቆምም። እሱ ደግሞ እጁን ፈርቷል። «እቴቴ፣ መጮህ አስተምሪኝ» አለኝ። እኔን! ሲጮህ በሩጫ ስቀጣው የኖርኩትን።

አሰብኩ። እስካሁን እያሰብኩ ነው የምጽፍልሽ። እኔ ዘንድ ቃል አስፈልጎት አያውቅም፤ ፊቱ ያለው ሁልጊዜ ሄልሜት ነው። እጁ ይህን ያውቃል። ሄልሜት እያየ ስንት ጊዜ ቢጮህ ለእኔ ብሎ ነው የሚጮኸው፤ የደከመው ቀን ይረሳዋል። ስለዚህ በሄልሜት አይሆንም።

ወስኛለሁ። ነገ ንጋት 12 ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ድረስ አስሮጠዋለሁ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን የምንሠራበትን የእንጨት ጎራዴ እሰጠዋለሁ፣ እኔም አንድ እይዛለሁ። ቃሉን ከዋጠ ቀረጻው ይቀራል፣ እሱም እሺ ብሏል፣ ለጋሽ ደምሴም ደውዬ ነግሬያለሁ። ቤዛም ትመጣለች፣ በር ላይ ቆማ ታያለች።

ናሆም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ፊቱ የምቆመው ባዶ ራሴን ነው። ትከሻውንም አላይም፤ እዚያ ካየሁ ቀድሜ አውቃለሁ፣ ካወቅኩ እመክታለሁ፣ ያ ደግሞ ማመን አይደለም። ዓይኔን ዓይኑ ላይ አድርጌ፣ እንጨቱን ዝቅ አድርጌ፣ አገጬን ቀና አድርጌ እቆማለሁ።

ቃሉን እስክሰማ እጄን አላነሳም።